ከጋፋት እስከ ብሩማና

በዚህ እትም ለጥናት ያቀረብንላችሁ የአንድ ሰው ሕይወት ነው። ሰውየው ስዊሳዊ ነው፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ይባላል። ከ80 ዓመት በላይ ኖሮ፣ የመጨረሻዎቹን 42 ዓመታት ያሳለፈው በሊባኖስ ተራራ ነው። ታሪኩ የሚከፈተው ግን እዚሁ በእኛ አገር፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ስለ ሆነ፣ ስሙን የማታውቁት እንኳ የእጁን ሥራ ሰምታችኋል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር በአርጋው ተወለደ። በባዝል ከተማ አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ተማረ። ይህ ቤት ወጣቶችን በእጅ ሙያቸው እየኖሩ ወንጌልን እንዲመሰክሩ አዘጋጅቶ የሚልክ ነበር። በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ የነበረው ሌላው ስዊሳዊ ሳሙኤል ጎባት በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም ጳጳስ ነበረና፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰባኪ ይልቅ የእጅ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች ተላኩ፤ ዋልድማየርም በ1858 ከተላኩት አንዱ ሆነ።

ጋፋት ላይ መኖሪያ ተሰጣቸው። ዋልድማየር አማርኛ ተማረ፤ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ። የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። ሱዛን ስትዳር ገና ልጅ ነበረች፤ ይህን ዛሬ ስንጽፈው ቅር ይለናል፣ ነገር ግን አንሸሽገውም።

ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ የመድፍ ሥራ እንደማያውቁ ቢናገሩም አልሆነላቸውም። ሞከሩ፤ የመጀመሪያው ከሸፈ፤ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ወደ ሰባ ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ፈሰሰ። በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ ገደሉ እየተናደ መንገድ እየተሠራለት፣ በ1868 መጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። መንገዱንም ሲያሠሩ የነበሩት እነዚሁ አውሮፓውያን ናቸው። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እንግዲህ በጉባኤ የምታጠኑ ሁሉ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወንጌልንና ሙያን ሊያስተምር የመጣ ሰው እንዴት መድፍ ሠሪ ሆነ? በአንድ ቀን አልሆነም። የመጀመሪያው ልመና ቀላል ነበር፤ የተሰጣቸው ርስት፣ ሽልማቱ፣ የንጉሡ ወዳጅነት ተከታትሎ መጣ፤ እምቢ ለማለት ያሰቡ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ርቆ ሄዷል። ለመፍረድ አንቸኩልም። ዋልድማየር ንጉሡን ከልቡ ይወድ ነበር፤ ቢቃወም የሚደርስበትንም ያውቃል። እኛም በዕርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች መኪናችንን፣ መጋዘናችንን፣ የእህል ዝርዝራችንን ላልመጣንበት ጉዳይ አውሱን የሚል ሹም አጋጥሞን ያውቃል። የመጀመሪያው ልመና ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የአንድ ቀን መኪና ነው።

ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሠዉ። ዋልድማየርና ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። የአሥር ዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት አለቀ ማለት ይቻላል።

ወደ ቤይሩት ሄደ። በዚያ በ1860 በሊባኖስ ተራራ በማሮናውያንና በድሩዞች መካከል በሆነው እልቂት ባሎቻቸውንና ወላጆቻቸውን ያጡትን ለመርዳት ኤልዛቤት ቦወን ቶምሰን የምትባል እንግሊዛዊት ያቋቋመቻቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በእነርሱ ውስጥ ሥራ ያዘ። በ1873 ግን ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ወጥቶ ብሩማና በምትባል መንደር ተቀመጠ። የአካባቢው ገበሬ በቱት ዛፍ ላይ ኑሮውን የጣለ ነበር፤ ቅጠሉን ለሐር ትል እየመገበ ሐር ይሸጣል። ዋልድማየር በዚያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የማሮናዊው፣ የኦርቶዶክሱና የድሩዙ ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አባቶቻቸው ከተራረዱ አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዘመን ዋልድማየር የወዳጆች ማኅበር ወደሚባሉት ወደ ክዌከሮች ገባ። እነዚህ ክርስቲያኖች ጦር መሣሪያ ማንሣትን ፈጽሞ የማይቀበሉ ናቸው። ሴባስቶፖልን ከሠሩት እጆች አንዱ እነርሱ ዘንድ ደረሰ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ክዌከሮች ሥራውን ደገፉለት፤ የወንዶች ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የሴቶች፣ የሕክምና ቤትም ተጨመረ። የዐረብኛ ተናጋሪ መንደር ውስጥ፣ ከኢትዮጵያዊት ልጅ ጋር፣ ጀርመንኛ ተናጋሪው ስዊሳዊ ልጆቹን አሳደገ።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛን ይበልጥ የሚይዘን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በ1896 ዕድሜው 64 ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተተክሏል፤ ሌሎች ሊያስኬዱት ይችላሉ፤ እርሱም አስረከበ። ዕረፍት ላይ ነው ሲባል ማንም የማይፈልገውን ሥራ አነሣ። በዚያ አገር የአእምሮ ሕመምተኞች ይወሰዱ የነበረው ወደ ቆዝሃያ ገዳም ዋሻ ነበር፤ በዚያ አንገታቸው በብረት ሰንሰለት ታስሮ ጋኔኑ እስኪወጣ ይጠበቅ ነበር። ገዳሙን ለመንቀፍ ብለን አንጽፈውም፤ ቤተ ሰቡ ሌላ የሚወስድበት ቦታ አልነበረውም። ዋልድማየርም ያደረገው መንቀፍ ሳይሆን ሌላ ቦታ ማዘጋጀት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ፤ ቤይሩት ላይ ከአገሬው ሰዎችና ከውጭ አገር ነዋሪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሎንዶን ላይ ሌላ። በ1898 ከቤይሩት ወጣ ብሎ አስፉሪየ በሚባል ኮረብታ መሬት ተገዛ፤ በ1900 ሆስፒታሉ ሃይማኖት ሳይለይ ሕመምተኞችን መቀበል ጀመረ። እርሱ ያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነው።

በፕሮጀክት ላይ ያላችሁ ይህን አስተውሉ፤ ትምህርት ቤቱን በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው ያስረከበው። እኛ በሦስት ዓመት ዕቅድ አስረክበን የምንወጣው ሥራ ለምን ተመልሶ ይወድቃል ብለን ስንነጋገር፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በተረካቢው ሕዝብ ላይ እናደርጋለን። ቋንቋውን ለመማር ሦስት ዓመት እንደማይበቃ ግን እናውቃለን። ከዚህ ጋር ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29ን፣ ለባቢሎን ምርኮኞች የተላከውን ደብዳቤ፣ አንብባችሁ ተወያዩበት።

ዋልድማየር በ1915 አረፈ። በዚያው ዓመት አንበጣ ወረደ፤ በጦርነቱም ምክንያት እህል ተከለከለ፤ እስከ 1918 ድረስ ከሊባኖስ ተራራ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ በረኃብና በበሽታ አለቀ። የአስፉሪየ ሆስፒታል ያን ሁሉ አልፎ ከ80 ዓመት በላይ አገልግሎ፣ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1982 ተዘጋ። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል።

በእኛም ገጠር በጓዳ ወይም ከምሰሶ ጋር ታስሮ የሚኖር የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አለ። ጎረቤት ያውቀዋል፤ ጉባኤም ያውቀዋል፤ አይነገርም። በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ስሙን ሳትጽፉ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደ ታሰረ፣ ማን እንደሚያበላው፣ የሚቀርበው የሕክምና ጣቢያ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ ጠይቃችሁ ጻፉልን።