ብቻ ለሚጓዝ ሰው የሚሆን ባለሞተር ቤት

ቤቱን ይዞ የሚዞር ሰው በእኛም አገር አለ። የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር ሣርና ውሃ ፍለጋ ሲነሣ ቤቱን ነቅሎ፣ በግመል ጭኖ ይሄዳል። ይህ የኑሮ ግዴታ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ለዕረፍትና አገር ለማየት ሲሉ ቤት በመኪና እየጎተቱ የሚዞሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ይህ የሚጎተት ቤት ካራቫን ይባላል። ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው። በመጀመሪያ አብረው የሚጓዙ መንገደኞችና ነጋዴዎች መጠሪያ ነበር፤ እኛ ሲራራ እንደምንለው ማለት ነው።

ካራቫን ሞተር የለውም። ከጭነት መኪና ኋላ እንደሚታሰረው ተሳቢ ነው። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ1885 ጎርደን ስቴብልስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ሐኪም በብሪስቶል ከተማ አንድ አሠርተው ነበር። ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን እርሱ ነው ይባላል። ክብደቱ 20 ኩንታል ያህል ሲሆን ሁለት ፈረሶች ይጎትቱት ነበር። ሐኪሙ ግን ብቻቸውን አልተጓዙም። ፈረስ ነጂ ነበራቸው። አንድ አሽከርም ባለሦስት እግር ብስክሌት እየነዳ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር። ይህን ልብ በሉ፤ የጽሑፋችን ጉዳይ የሰው እጅ ነውና።

አሁን አንዲት የ68 ዓመት ባልቴት እናስብ። ከባለቤታቸው ጋር 30 ዓመት በካራቫን ዞረዋል። ባል ሞቱ። ሴትዮዋ መኪና መንዳት ያውቃሉ፤ መንገዱንም ይወዳሉ። ልጆቻቸው «እማዬ፣ ከእንግዲህ ይብቃሽ፤ ሽጭውና ቤትሽ ተቀመጪ» ይሏቸዋል። እርሳቸው ግን መቅረት አልፈለጉም። ታዲያ ምን ይሻላቸዋል?

የካራቫን ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ወደ ኋላ ሲነዳ የመኪናው መሪ ወደ ቀኝ ከዞረ፣ የካራቫኑ ኋላ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ከኋላ ቆሞ በእጁ ያሳያል። ማደሪያው ቦታ ሲደርሱ ካራቫኑን ከመኪናው መፍታት፣ መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ከጎማው ሥር እንጨት እያስገቡ ማስተካከል፣ አራቱን የብረት እግሮች በመዘውር ማውረድ አለ። ውሃው በሚንከባለል በርሜል ይቀዳል፤ በርሜሉ 40 ሊትር ይይዛል። ይህም ሁለት ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ክብደቱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ በዝናብ፣ በምሽት፣ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ይከብዳል። አይቻልም ማለት ግን አይደለም። ብቻቸውን የሚያደርጉት ሴቶች አሉ። ካራቫኑን እያንቀሳቀሰ የሚያስጠጋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርም ከጎማው አጠገብ ይገጠማል።

ሌላው ባለሞተር ቤት ነው። ሞተርሆም ይሉታል። ቤቱና መኪናው አንድ ናቸው። የሚታሰር፣ የሚፈታ የለም። በብዙዎቹ ውስጥ የሾፌሩ ወንበር ዞሮ ሳሎን ይሆናል።

በእኔ ግምት ለብቸኛ ሰው ትልቁ ጥቅሙ በሌሊት የሚታየው ነው። አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ በሩን ቢደበድብ፣ በካራቫን ያለ ሰው በጨለማ ወጥቶ ወደ መኪናው መሮጥ አለበት፤ ቤቱንም ጥሎ ነው የሚሄደው። በባለሞተር ቤት ያለ ሰው ግን ወደ ውጭ ሳይወጣ ከአልጋው ተነሥቶ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ አስነሥቶ ይሄዳል። ለዚህም ከአልጋ እስከ መሪ መተላለፊያው ክፍት መሆን አለበት። ሲያቆሙም አፍንጫውን ወደ መውጫው ማዞር ነው።

የሚቀርም ነገር አለ። ካራቫን ያለው ሰው ቤቱን አቁሞ በመኪናው ገበያ ይሄዳል። ባለሞተር ቤት ያለው ሰው ግን ዳቦ ለመግዛት ቢፈልግ የሻይ ብርጭቆውን ሰብስቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ፣ ቤቱን እንዳለ ይዞ መሄድ ነው። ስለዚህ ነው ትንሽ የሚመረጠው። መንደር ውስጥ የማይገባ ቤት ባለቤቱን አስሮ ያስቀምጣል።

ትንሽ ሲባል ምን ያህል ነው? እኛ በከባድ መኪናው የምናውቀው ፊያት ዱካቶ የሚባል መኪና ይሠራል፤ በአውሮፓ ብዙ ባለሞተር ቤቶች የሚሠሩት በእርሱ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ትንሽ ከሚያንሰው ጀምሮ 5.41፣ 5.99 እና 6.36 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው ከፍ ሲል ሰው ውስጡ ቆሞ ይሄዳል። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ብዙ የመኪና ማቆሚያዎች መግቢያቸው ላይ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ብረት ተጋድሟል፤ በዚያ አያልፍም። የቮልስዋገኗ ትንሽ መኪና ቁመቷም 2 ሜትር ያህል ስለሆነ በብዙው ታልፋለች። በውስጧ ግን ጣሪያዋን ካላነሱ ጎንበስ ብሎ መኖር ነው። ወገባቸውን ለሚያማቸው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ ብጠየቅ 5.41 ሜትሩን እመርጣለሁ፤ የራሷ መጸዳጃ ያላትን። በሌሊት በጭቃ መጸዳጃ ፍለጋ ከመሄድ ያድናልና።

ስለ አልጋም እንናገር። በትናንሾቹ ቤቶች ማታ ማታ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፤ ጠዋት ይታጠፋል። ይህን በየቀኑ ማድረግ ያሰለቻል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን መፍትሔ አለው። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም መቀመጫ ያለውን ቢመርጥ፣ አንዱ ሁልጊዜ አልጋ፣ ሌላው ሁልጊዜ መቀመጫ ሆኖ ይቀራል። መቀመጫው ግን ቁመቱን መቻል አለበት፤ ሳይገዛ ጫማውን አውልቆ ይተኛበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በእንግሊዝ አገር ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተራ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በናፍጣ የሚሄድ ባለሞተር ቤት የሚነዳው እስከ 35 ኩንታል ድረስ ነው። ከዚያ በፊት ያወጡት እስከ 75 ኩንታል ይነዳሉ። 70 ዓመት ሲሞላቸው ግን ሐኪም ካልመረመራቸው ያ መብት ይቋረጣል። የእኛ ባልቴት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ስለዚህ ከ35 ኩንታል በታች ቢገዙ ይሻላል።

ይህ 35 ኩንታል ጭነቱን ሁሉ ጨምሮ ነው። እንበልና ቤቱ ከሾፌሩና ከነዳጁ ጋር 31 ኩንታል ይመዝናል። 35 ሲቀነስ 31፣ የሚተርፈው 4 ኩንታል ወይም 400 ኪሎ ነው። የውሃው ጋን 100 ሊትር ከያዘ 100 ኪሎ ሄደ። የጋዝ ጠርሙሶች 30፣ ትርፍ ባትሪ 25፣ በጎን የሚዘረጋው ጥላ 30፣ ብስክሌት 20 ኪሎ ቢሆኑ፣ ሁሉም ሲደመር 205 ይሆናል። የቀረው 195 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ልብስ፣ ምግብ፣ ድስትና ብርድ ልብስ ይጫናል። ለአንድ ሰው ይበቃል። ሁለተኛ ሰው ቢኖር ግን ሰውነቱና ጓዙ ብቻ 100 ኪሎውን ይበላው ነበር።

ሻጭ የሚያሳየውን ወረቀት ብቻ ማመን አይገባም። በኋላ የተጨመረ ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። ቤቱን ጭኖ የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። ከልክ በላይ ጭኖ የተገኘ ይቀጣል፤ መንገድ ላይም ሊያስቆሙት ይችላሉ።

አሮጌ የሚገዛ ሰው ደግሞ እርጥበትን ይፍራ። በግድግዳው መጋጠሚያ የገባ ውሃ ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ከላይ ግን ያምራል። በጣት ጫን ጫን ማድረግ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ባለሙያ ቢያየው ደግሞ ይበልጣል። የጡረታ ገንዘብ ነውና እኮ! ካራቫኑ የተሸጠበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ባለሞተር ቤት አይገዛም። ባልቴቷ መኪናቸውንም ጨምረው ከሸጡ ግን ክፍተቱ ይጠባል፤ ትንሿ ቤት ለዕለት ጉዞም ትሆናቸዋለችና።

ከመግዛት በፊት መከራየትም አለ። በበጋ ግን አይደለም፤ በበጋ ሁሉም ቤት ጥሩ ነው። በኅዳር፣ ዝናብና ብርድ ሲሆን፣ አንድ ሳምንት ይከራዩ። ወረቀት ይያዙና በአንድ በኩል የተጠቀሙበትን ዕቃ፣ በሌላ በኩል ሳይነኩት የመለሱትን ይጻፉ። ያልተነካው ሁሉ ከ195 ኪሎው ላይ ይቀነሳል።