ለዩኒቨርሲቲ ልጃችን በስንት ቀን እንደውል?



ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ጎረቤቴ ክንዴን ይዞ አስቆመኝና «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስኪ ፍረደን። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለት ወር ሆናት። እናቷ በቀን አራት ጊዜ ትደውላለች። እኔ ይበዛል ስላት ‹አንጀት የለህም› ትለኛለች። ለመሆኑ በስንት ቀን ነው መደወል ያለብን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን በራሳችን ቤተሰብ ላይ የደረሰው ነገር ትዝ አለኝና ፈገግታዬ ጠፋ።

በ2016 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ በሪሚዲያል ፕሮግራም ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። አባቱ ዲነኛ፣ ለልጆቹም የሚሳሳ ሰው ነው። በየምሽቱ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ሳያቋርጥ ይደውል ነበር። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ «ደህና ነህ? ሰገድክ? ትምህርት እንዴት ነው?» የልጁ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ»።

ልጁ ፈተናውን ወደቀ። ግቢውን ለቅቆ ከጓደኞቹ ጋር ከተማው ውስጥ ክፍል ተከራየ። ሁለት ወር ሙሉም በየምሽቱ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ከረመ። አባቱም ከሱቁ ገቢ እየቀነሰ የኪስ ገንዘብ መላኩን አላቋረጠም። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ለእኔ ደወለና «አጎቴ፣ ለአባዬ እንዴት ብዬ ልንገረው?» ብሎ አለቀሰ።

ልብ በሉ! አባትየው ያልደወለበት ምሽት አልነበረም። በሁለት ወር ውስጥ 60 ጊዜ ያህል ተደወለ። ልጁ ግን በነዚያ ሁሉ ጥሪዎች ውስጥ እውነቱን የሚያስገባበት ቀዳዳ አላገኘም። እንግዲያው የጉዳዩ ቁልፍ የጥሪው ቁጥር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ስል የወላጆችን ስጋት ለማናናቅ አይደለም። ስጋቱ ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው በመጓዝ ላይ የነበሩ ተማሪዎች መታገታቸውን ማን ይረሳል? በ2013 ዓ.ም. በትግራይ የስልክ መስመር ሲቋረጥ በዚያ የሚማሩ ልጆች ወላጆች የልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ሳምንታት አሳልፈዋል። ይህን ያየች እናት በቀን አራት ጊዜ ብትደውል «አበዛሽው» ብሎ መቆጣት ቀላል አይደለም።

በሌላ በኩል ልጁም ሸክም አለበት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 ከመቶ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ መግባት ራሱ ለቤተሰቡ ትልቅ ኩራት ሆኗል። ልጁ የተሸከመው የራሱን ደብተር ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ክብር ጭምር ነው። ታዲያ «ወደቅሁ» የሚለውን ቃል ለማን ይናገር?

እዚህ ላይ ከነቢያትና ከደጋግ ሰዎች ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ሉቅማን ለልጁ በሰጠው ምክር የጀመረው በፍቅር አጠራር ነው። ሶላትን ከማዘዙ በፊትም የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ነገር በዓለት ውስጥ ብትደበቅ አላህ (ሱ.ወ.) እንደሚያመጣት አስተማረው። አላህ እንደሚያየው የተገነዘበ ልጅ ለፈጅር ሶላት እናቱ ደውላ እንድትቆጣጠረው አያስፈልገውም። ይህ ያልገባው ልጅ ደግሞ ተኝቶ «ሰግጃለሁ» ይላል። እኛም ሳናውቀው ውሸት አስተማርነው ማለት ነው።

ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ትልልቅ ልጆቻቸውን ወደ ግብፅ ሲልኩ በአንድ በር ሳይሆን በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው። ወዲያውም ከአላህ ውሳኔ ሊያድኗቸው እንደማይችሉ ገልጸው በእርሱ ተመኩ። ምክርም አለ፣ ተወኩልም አለ። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ነቢዩ ኢብራሂምም (ዐ.ሰ.) ያገባ ልጃቸውን ኢስማዒልን ሊጠይቁ ረጅም መንገድ ተጉዘው መጥተው እንዳጧቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ስለ ኑሯቸው ጠይቀው አጭር መልእክት ትተው ተመለሱ። ሁለተኛም መጡ፤ አሁንም አላገኟቸውም። በሦስተኛው ሲገናኙ አባትና ልጅ ተቃቀፉ። ጉብኝቱ ጥቂት ነበር፤ ኢስማዒል ግን የአባታቸውን አጭር መልእክት ወዲያው ተረድተው ፈጸሙት። መተማመን ሲኖር አጭር ቃል ይበቃል።

ከዚህ በመነሳት ለጎረቤቴም ለእናንተም የምለው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ወር ከሌላው ይለያል። ልጁ ዶርሙንም፣ የካፌውንም ምግብ፣ የአገሩንም አየር አልለመደም። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አጠር አድርጎ መደወል ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን የታወቀ ሰዓት ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ ጁምዓ ከመግሪብ በኋላ። ሳይቸኩሉ የሚያወሩበት ሰዓት ይሁን። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም የማይቋረጠው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በመካከሉ በቴሌግራም አጭር ሰላምታ ይበቃል። «ለምን ቶሎ አልመለስክም?» አይባልም። በፈተና ሳምንት ዱዓእ አድርጉለት፤ አታስጨንቁት። በረመዳን ግን አንዳንዴ በፍጡር ሰዓት ደውሉ፤ የቤቱ ማዕድ የሚናፍቀው ያን ጊዜ ነውና።

ሦስተኛ፣ ጥያቄያችንን እንለውጥ። «ትምህርት እንዴት ነው?» በሚል ፈንታ «የከበደህ ኮርስ የትኛው ነው? ከማን ጋር ትበላለህ? የት ትሰግዳለህ?» እንበል። የራሳችንንም እንንገረው፤ ሱቁ እንዴት እንደዋለ፣ ያስቸገረን ምን እንደሆነ። ድክመቱን የማይናገር አባት የልጁን ድክመት አይሰማም።

አራተኛ፣ ገና ሳይሄድ ቃል እንግባለት፤ «ብትወድቅም ልጄ ነህ፤ መጀመሪያ ከአንተ ልስማው።»

አምስተኛ፣ የአንድ የዶርም ጓደኛውን ስልክ በልጁ ፈቃድ ያዙ። ለመሰለል ሳይሆን ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ችግር ሲነሳ ለመገናኘት ነው። የተቀጣጠራችሁበት ሰዓት ካለፈና ድምፁ ከጠፋ፣ ወይም አነጋገሩ ከተለወጠ፣ ስልኩን ትታችሁ አቅም ከፈቀደ መኪና ተሳፈሩ።

ስድስተኛ፣ ሴት ልጅን በቀን አሥር ጊዜ እየደወሉ ወንዱን በወር አንዴ የመርሳት ልማድ አለን። ሁለቱም አማና ናቸው። ከዚህ በላይ የነገርኳችሁ ታሪክ የወንድ ልጅ መሆኑን አትርሱ።

ለእናንተ ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የወላጅን ስልክ አይቶ አለማንሳት፣ ገንዘብ ሲያልቅ ብቻ መደወል ለወላጅ በጎ መዋል አይደለም። ሳይጠብቋችሁ ደውሉላቸው። ያቺ አንድ ጥሪ የእናታችሁን አራት ጥሪ ታስቀራለች።

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። አባቱ ዘንድ አብሬው ሄድኩ። አባትየው ሁሉን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «የተላከው ብር አላሳዘነኝም፤ ሁለት ወር ብቻህን መፍራትህ ነው ያሳዘነኝ» አለው። ልጁ ዛሬ በሌላ ከተማ የሙያ ትምህርት ይማራል። አባቱ አሁን የሚደውለው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሲያወሩ ግን እራታቸው ይቀዘቅዛል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።