ቆርቆሮዎ ስንት ክረምት ይችላል?

እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምታስቀምጥባት ትንሽ መጋዘን ነበረቻት። አንድ ነሐሴ ጣሪያው አፈሰሰና የበርበሬው ማዳበሪያ ከሥሩ ረጠበ፤ በሳምንቱ ሻገተ። ቆርቆሮው ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ሲደርቅ መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ዝገት የለም፣ ቀዳዳ የለም፤ ሚስማሮቹ ግን ከዳር እስከ ዳር የተመቱት ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ነበር። አናጢው ጎማም አላደረገባቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሄድኩበት ቤት አንገቴን ቀና አድርጌ ጣሪያ አያለሁ። በየካ ካየኋቸው ጣሪያዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ያጠረው በተገዙበት ቀንና በተመቱበት ቀን ነው።

ዕድሜውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ዚንኩ እሱ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ በቂ ነው፦ ስንት ዚንክ አለው? አየሩስ በዓመት ስንቱን ይበላል?

«ዜድ 275» የሚል ምልክት ያለው ቆርቆሮ በ1 ካሬ ሜትር ላይ፣ የላይና የታች ገጹ ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ አለው። ይህ በአንድ ገጽ ወደ 19 ማይክሮን ይሆናል። «ዜድ 100» ግን ወደ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። አይኤስኦ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚለው መካከለኛ የከተማ አየር ከዚንክ ላይ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ይበላል፤ ጨው የሚረጭበት የባሕር ዳር አየር ደግሞ ከ4.2 እስከ 8.4። ይህን ይዘው ሲያካፍሉ ዜድ 275 ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ጠረፍ ላይ አምስት ዓመት ሳይሞላው ዚንኩን ይጨርሳል። ያው ቆርቆሮ ከባሕር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሾላ ከ9 ዓመት በላይ፣ በደህና ሰፈር እስከ 20 እና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀጭኑ ዜድ 100 ግን እዚህም ቢሆን ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው። በአሉሚኒየምና በዚንክ ቅይጥ የተለበጠው ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል፤ ዋጋውን ከቻሉት ቅድሚያ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ጨው ባይኖርብንም ጢስ፣ ጤዛና ቅጠል አሉብን። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ሲገዙ

ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ 35 ጌጅ ወደ 0.2። 35 ጌጅ በእግር ሲረግጡት ይጎደጉዳል፣ በረዶ ሲወርድበት ይሰረጎዳል፣ መዛግ ከጀመረም ለመበሳት ብዙ አይፈጅበትም። ለመኖሪያ ቤት 28፣ አቅም ካጠረ 30 ይግዙ፤ 35ን ለጊዜያዊ ዳስና ለአጥር ይተዉት።

በቀለም የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይመኑ። ርዝመታቸውም ስፋታቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ቆርቆሮዎች ከሁለት ሱቅ ወስደው ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ ብረት በ1 ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 0.4 ጠፍጣፋ ብረት በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ከ140 ግራም ይሆናል፣ ባለ 0.2 የዚያ ግማሽ። ቆርቆሮው ሲታጠፍ ስፋቱ ስለሚጠብ፣ ሲያሰሉ ከመታጠፉ በፊት የነበረውን ስፋት ነጋዴውን ይጠይቁ። ሚዛን በሞላበት ገበያ ይህን አለማድረግ ያስቆጫል።

ቤት ሲያደርሱት ተደራርቦ መሬት ላይ እንዳይቀር። በመሃሉ ውሃ ከገባ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣና ከመመታቱ በፊት ዚንኩ ይበላል። በአጣና ላይ ዘንበል አድርገው ያቁሙት፣ ከረጠበ አንድ በአንድ ለይተው ያድርቁት።

እንጨቱ

የእንጦጦ ባህር ዛፍ ለከተማችን ቤት ሆኗል፣ ለቆርቆሮ ግን ፈተና ነው። እርጥብ አጣና ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲጠብ ይላላል፤ ከዚያ ነፋስ ቆርቆሮውን ያነሳሳዋል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃው ይገባል። ማገሩ ቢያንስ አንድ በጋ የደረቀ ይሁን። እኔ ለቀጭን ቆርቆሮ ማገሩን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አላራርቀውም፤ ለ28 ጌጅ እስከ 90 ይሆናል። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይውረድ።

ሲመቱ

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከየት በኩል እንደሚጀምር አናጢው ሳይወጣ ይነጋገሩ። በክረምት የትኛው ግድግዳ አብዝቶ እንደሚረጥብ ያስታውሱ፤ ዝናቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድርድሩ ከተቃራኒው ጫፍ ይጀመር፣ የተደራረበው ከንፈር ለነፋሱ ጀርባውን እንዲሰጥ። በጎን አንድ ተኩል ጉብታ፣ ከላይ ወደታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፤ ተዳፋቱ ገር ከሆነ 25 ያድርጉት።

ሚስማሩ ጉብታው ላይ፣ ዚንክ የተለበጠ፣ ጎማ ያለው ይሁን። ጎማው እስኪጨመቅ ብቻ ይምቱ። አጥብቆ መትቶ ጉብታውን የሚያሰረጉድ አናጢ ካዩ አሁኑኑ ያስቁሙት፤ የእናቴን በርበሬ ያበላሸውም እንዲህ ያለ ግድ የለሽ እጅ ነው። ቆርቆሮውን በቆርቆሮ መቀስ ይቁረጡ። ግራይንደር ሲቆርጥ ትኩስ ፍንጣሪው ዚንኩ ላይ ይጣበቅና በሳምንታት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ጫፉን ከግድግዳ ጋር ለማያያዝ እርጥብ ሲሚንቶ በቀጥታ አይለስኑበት፤ ሲሚንቶ ዚንክ ይበላል።

ቆርቆሮው ላይ ቀለም መቀባት ከፈለጉ አዲስ ዚንክ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀቡ። ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥርና ቀለሙ ይላጣል። አንድ ክረምት ይመታው፣ ወይም ለዚንክ የተሠራ ፕራይመር ይቅደም።

ቅጠል፣ ጤዛና ጢስ

ከእንጦጦ ሥር ላለ ቤት አሸንዳ ከቆርቆሮው እኩል ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል በአሸንዳው ውስጥ ተከማችቶ ወራት ሳይደርቅ ይቆያል፤ የተኛበትን ዚንክ ከሥር ይበላል፣ ውሃውንም ወደ ግድግዳ ይመልሳል። አሸንዳውን በየ2 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ያሠሩ። በግንቦት መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መሃል በሐምሌ አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ይጥረጉ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ የሐምሌውን አይዝለሉ፤ ግን ደረቅ ቀን ይጠብቁ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። ሲወጡ ሚስማር ያለበትን መስመር ይርገጡ፣ ከሥሩ ማገር አለ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የቤቱ ትንፋሽ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይሆናል። ኮርኒስ ካለ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዉ። እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ከሌላው ክፍል ቀድሞ ከታች የሚዝገው በጤዛውና በጢሱ ነው፤ ለጢሱ ከጣሪያው በላይ መውጫ ቢያበጁለት ብዙ ዓመት ያተርፋሉ።

በቆርቆሮ የሚተኩት የአስቤስቶስ ጣሪያ ካለዎት ግን አይቁረጡት፣ አይብሱት፣ በደረቁ አይፈግፍጉት። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ በእርጥቡ፣ ሳይሰበር ይውረድ።

ሲያረጅ

በግንቦት አንድ ፀሐያማ ቀትር ላይ በርና መስኮት ዘግተው ወደ ላይ ያንጋጡ። ብርሃን የሚገባባትን እያንዳንዷን ነጥብ በታች በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ነጥቡ ሚስማሩ ዙሪያ ከሆነ ሚስማሩን ነቅለው ባለ ጎማና ወፈር ባለ ይተኩ። ዝገት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፣ አንቲረስት ይቀቡ፣ ሲደርቅ ቁራጭ ቆርቆሮ በሲሊኮን ለጥፈው ከላይ ይምቱት። ከ10 ቆርቆሮ 3ቱ ምልክት ከበዛባቸው መለጠፉን ያቁሙና ክዳኑን ከሰኔ በፊት ይቀይሩ።