“ተረካቢው አልመጣም፤ ቀጥል” ሲባሉ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የአምቡላንስ ድርጅት የምሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ነኝ። 24 ሰዓት ሠርተን 48 ሰዓት እናርፋለን። ተረካቢ ሲቀር ግን “ቀጥል” ይሉንና እስከ 36 ሰዓት እንቆያለን። ትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ “ሌሊቱን አልጋ ላይ አይደል ያደራችሁት?” ይሉናል። ባለፈው ወር ታካሚ አድርሰን ስንመለስ፣ ንጋት ላይ ሾፌራችን አንቀላፍቶ መኪናውን ከመንገድ አካፋይ ጋር አጋጨው፤ እኔም ትከሻዬን ተጎዳሁ። ድርጅቱ የጥገናውን ወጪ ከሾፌሩ ደመወዝ እቆርጣለሁ እያለ ነው። “ደክሞኛል” ብሎ ተረኛነት አለመቀበልስ ከሥራ ያስባርራል?

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ስለ ድካም ተብሎ የተጻፈ አንቀጽ የለውም። የሚያውቀው ሰዓትን ነው። ስለዚህ ዳኛ ፊት ቀርበው “ሰውነቴ አልቋል” ቢሉ ሐዘኔታ ያገኙ ይሆናል እንጂ ፍርድ አያገኙም። “ከሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ ማክሰኞ ምሽት 2 ሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ” ብለው ማስረጃ ሲያቀርቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከአልጋው እንጀምር፤ አሠሪዎ የተደገፈው እሱ ላይ ነውና። የአዋጁ አንቀጽ 61 መደበኛ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው በተግባር የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም ያለ፣ ሬዲዮው ከጆሮው ሥር የሆነ፣ ጥሪ ሲመጣ ወዲያው መኪና ውስጥ መግባት ያለበት ሰው ዝግጁ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ቤትዎ ሄደው ልጅዎን አቅፈው መተኛት አይችሉም፤ ጣቢያውን ጥለው ቢወጡ ይቀጣሉ። በእኔ አስተያየት ያ ሌሊት ሙሉ በሙሉ የሥራ ሰዓት ነው። ቤትዎ ሆነው ስልክ ብቻ የሚጠብቁ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብድ ነበር።

ይህን ከያዝን ቀሪው ሒሳብ ነው። የሕጉ ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አሠሪዎ ምናልባት “ሕጉ የሥራ ሰዓትን በአማካይ ማስላት ይፈቅዳል” ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሥራው ለየሳምንቱ እኩል ማከፋፈል በማያስችልበት ጊዜ ይፈቅዳል፤ አማካዩ ግን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የእናንተ አሠራር ከየ3 ቀኑ አንዱን ቀን ሙሉ መሥራት ነው። የሳምንቱን 168 ሰዓት ለ3 ሲያካፍሉት 56 ይመጣል። ማለትም አንድም ተረካቢ ሳይቀር፣ ማንም “ቀጥል” ሳይል፣ በየሳምንቱ 8 ሰዓት ትርፍ ትሠራላችሁ። 24 ሠርቶ 72 የሚያርፍ ጓደኛዎ ቢሆን አማካዩ 42 ስለሚሆን ይህ ክርክር አይኖረውም። ወደ ሕግ አማካሪ ብዙ ሰው የሚመጣው በ36ቱ ሰዓት ተናዶ ነው፤ ዝም ብሎ የሚፈሰው 8 ሰዓት ግን ማንም ሳያየው ያልፋል።

በብር እንየው። የወር ደመወዝዎ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ወርን ሲያሰሉት 208 ሰዓት ስለሚሆን የአንድ ሰዓት ዋጋዎ 50 ብር ነው። በ6 ወር ማለትም በ26 ሳምንት የተጠራቀመው ትርፍ ሰዓት ደግሞ 208 ነው፤ የአንድ ወር ሙሉ ሥራ መሆኑ ነው። በአንቀጽ 68 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75 ይባዛል። በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። ሁሉንም በዝቅተኛው ተመን ብንወስድ እንኳ 15,600 ብር ይሆናል። 6 ወር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ስለቅ ጠቅልዬ እጠይቃለሁ ብሎ ዓመታት የጠበቀ ሰው የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ነው።

አሁን “ቀጥል” ወደሚለው ትእዛዝ እንምጣ። መርሁ ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም የሚል ነው። አንቀጽ 67 ግን በተወሰኑ ምክንያቶች አሠሪው እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ የሚሠራ ሥራ ሲኖር፣ እና ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት። የመጨረሻው የእናንተን ሁኔታ በትክክል ይነካልና አሠሪዎ ተረካቢ ቀረ ብሎ ማዘዙ ብቻውን ሕገ ወጥ አይደለም። ሕገ ወጥ የሚሆነው መጠኑ ነው። በነዚህ ምክንያቶችም ቢሆን ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ከ24 ሰዓት በኋላ ሌላ 12 ሰዓት መጨመር በየትኛውም ንባብ አይቆምም። በየሳምንቱ “ቀረ” የሚባል ተረካቢ ደግሞ ቀረ አይባልም፤ አልተቀጠረም ነው የሚባለው።

ተረኛነት አልቀበልም ማለትን በተመለከተ እጅግ ጥንቃቄ ያድርጉ። ያልተጀመረን ተጨማሪ ሰዓት አለመቀበልና የተረከቡትን ታካሚ ጥሎ መሄድ በሕግ ዓይን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 ሐኪምም ሆነ ነርስ በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታ መንፈግን ይቀጣል። እጅዎ ላይ ያለውን ታካሚ ያስረክቡ፣ የርክክብ ቅጹ ላይ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ከዚያ ስለ ቀጣዩ ጥሪ ይናገሩ። ሲናገሩም በጽሑፍ ይሁን። ለተቆጣጣሪዎ የሚላክ አጭር የቴሌግራም መልእክት ይበቃል፦ “ከትናንት ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ፤ 9 ጥሪ ወጥቻለሁ፤ ለታካሚም ለራሴም አደጋ ስለሆነ ተተኪ ይመደብ።” ስሜትና ስድብ አይግባበት። በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል። በዚህ ሰበብ ቢያሰናብትዎ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርበው ክስ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ተሰብስቦ ስልክ ባለማንሳት ማደምን ግን አልመክርም፤ ሆስፒታልና ክሊኒክ የሥራ ማቆም አድማ ከተከለከለባቸው አገልግሎቶች ውስጥ ናቸው።

የትከሻዎ ጉዳት በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆነ ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ የተሰጠውን ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከተገኘ፣ አሠሪው ነጻ ይወጣል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ለክቷል። ሕጉ ግን እንቅልፍ ማጣትን ከስካር ጋር አላመሳሰለውም፤ እንቅልፉን ያሳጣው አሠሪው ራሱ ሲሆን ደግሞ ክርክሩን ማንሳቱም አያምርበትም። አንድ ክፍተት ግን ልብ ይበሉ፦ ከሥራ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚደርስ አደጋ የሚሸፈነው በድርጅቱ ሰርቪስ ወይም ድርጅቱ ለዚሁ በተከራየው መኪና ከሆነ ነው። በራስዎ ሞተር ሳይክል እያንጎላጁ ቢወድቁ ጉዳዩ የእርስዎ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ከደመወዝ ቀጥሎ ሰርቪስን ጠይቁ።

ሾፌሩ አንድ ነገር ብቻ ያድርግ፤ አይፈርም። ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። “አምኛለሁ” የምትለዋ ወረቀት ብዙ ጊዜ የምትቀርበው ሰውየው ገና ሳይተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ነው። አሠሪው ካሻው ይክሰስ፤ የዚያን ቀን የተረኞች ሠንጠረዥ ያኔ የሾፌሩ መከላከያ ይሆናል። ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ልክ አላጽናናዎትም ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሐኪምን ወይም አሽከርካሪን በስም ጠርቶ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ያስቀምጣል። ደክሞኛል ማለት ከዚህ ነጻ አያወጣም፤ እንደደከመው እያወቀ መንዳቱ ጭራሽ ሊያከብድበት ይችላል። አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳወቀ ሰው ቢያንስ ሸክሙ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

በዕረፍት ቀናችሁ ሌላ ክሊኒክ የምትሠሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ኑሮው ያስገድዳል። የሁለት አሠሪዎች ሰዓት ግን ለትርፍ ሰዓት ክፍያ አይደመርም፤ “ያደከመው የእኛ ሥራ አይደለም” የሚለውን መከላከያም በነጻ ይሰጣቸዋል።

በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠሩ ይህ አዋጅ አይመለከታችሁም፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግና የዲዩቲ ክፍያ መመሪያ ነው የሚገዛችሁ። ጥያቄያችሁም ከተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ይጀምራል። ኢንተርኖች ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ላይ ያላችሁ በመሆኑ ጭራሽ ከአዋጁ ውጭ ናችሁ። በግሉ ዘርፍ ያለች ነፍሰ ጡር ባልደረባችሁ ግን ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ልትመደብ እንደማይገባ፣ ትርፍ ሰዓትም እንደማትሠራ ትወቅ፤ የእርግዝና ማስረጃዋን በደብዳቤ አስገብታ ቅጂው ላይ ማኅተም ታስመታ።

ትርፍ ሰዓትን የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ነው። እሱ ካልመዘገበ እርስዎ የየወሩን የተረኞች ሠንጠረዥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የጥሪ መዝገቡንና የርክክብ ቅጾቹን ሰዓት በደብተር ይገልብጡ፤ የታካሚ ስምና ምስጢር ግን አይንኩ። ይህን ይዘው በመጀመሪያ ለድርጅቱ በደብዳቤ ይጠይቁ፤ መልስ ካጡ ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መዝገቡን ገብቶ የማየት ሥልጣን አለው። የ6 ወሩ ይርጋ ከተቃረበ ግን በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።