አገልግሎት ናሙና የለውም፤ ናሙናውን አንተ ሥራለት



የዛሬውን ዋጋ እንደተለመደው ማታ እለጥፋለሁ። ይሄኛው ጽሑፍ አገልግሎት ለምትሸጡት ነው፦ ለደላላው፣ ለመኪና ባለንብረቱ፣ ማበጠሪያ ላለው፣ መጋዘን ለሚያከራየው፣ ለትራንዚተሩ።

እህል የሚሸጥ ሰው ናሙና ይዞ ይሄዳል። ገዢው በቆሎውን ዘግኖ ያየዋል፣ በጥርሱ ሰብሮ ይሞክረዋል። ቡና ከሆነ አስቆልቶ ያስቀምሳል። የእኛን ሥራ ግን ማንም ዘግኖ አያየውም። ደንበኛ ዋጋ ላይ ብቻ የሚከራከረን ሌላ የሚያየው ነገር ስላልሰጠነው ነው።

ይሄን የተማርኩት ሥራ አጥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ምዕራብ ጎጃም ያለ አንድ ዩኒየን በቆሎ ሊሸጥ ነበር። እኔም ገዢ ነበረኝ፣ ቢሾፍቱ ያለ የመኖ ፋብሪካ። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ትልቅ ሰው ናቸው። "ስንት ትወስዳለህ?" አሉኝ። ቶሎ ብዬ "ጋሼ፣ ሌላው በኩንታል 30 ብር የሚለውን እኔ በ20 እሠራዋለሁ" አልኩ። ሥራው ለባለ 30ው ተሰጠ። "በዝምድና ነው" እያልኩ ሳማቸው ከረምኩ።

በኋላ ሰርግ ላይ ተገናኘንና ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ አንተ የምትወስደውን ነገርከኝ፤ እሱ የሚሠራውን ነገረኝ" አሉኝ። ለካ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቆሏቸው "እርጥብ ነው" ተብሎ ገዢው በር ላይ ሁለት ቀን ቆሞባቸው ነበር። ያ ሰው ሳይጫን እርጥበት እንደሚለካ፣ ሲመዘን ራሱ እንደሚቆም በአንድ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል። እኔ ግን ችግራቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሂሳቡን እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደለም። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን የ10 ብር ልዩነት 4,000 ብር ነው። ኩንታሉ 4,000 ብር ቢሆንና ገዢው በእርጥበትና በክብደት 2 በመቶ ቢቆርጥ 8 ኩንታል ሄደ ማለት ነው፤ 32,000 ብር። መኪናው ቆሞ የሚቆጥረው ገና አልተጨመረም። ታዲያ ርካሹ ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው፦

1. ዋጋ ከመናገሬ በፊት እጠይቃለሁ። "ባለፈው ስትሸጡ ምን አስቸገራችሁ?" ሚዛን ነው? የክፍያ መዘግየት ነው? መኪና ነው? ሰውየው የሚከፍለኝ ያንን ችግር እንዳነሳለት ነው።

2. በአንድ ገጽ እጽፋለሁ። ምን እንደምሠራ፣ ምን እንደማልሠራ፣ ጫኝና አውራጅ በማን እንደሚከፈል፣ መኪና ቢቆም ወጪው የማን እንደሆነ፣ የሁለቱ ቦታ ሚዛን ቢለያይ የቱ እንደሚጸና። በቃል የቀረ ነገር መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው።

3. ትንሽ ሥራ እለምናለሁ። "አሥሩንም መኪና ስጡኝ" ሳይሆን "አንዱን ስጡኝና እዩኝ"። የአገልግሎት ናሙና ይሄ ነው። የሚዛን ወረቀቱንና የእርጥበት ልኬቱን ፎቶ አንስቼ በዚያው ቀን እልካለሁ።

4. "ቀንስ" ሲሉኝ ዝም ብዬ አልቀንስም። "እሺ፣ ሚዛኑን እናንተ ተከታተሉ፣ እኔ ገዢ ማገናኘቱን ብቻ ልሥራ" እላለሁ። ሥራው ሳይቀነስ ዋጋው ብቻ ከወረደ ደንበኛው "መጀመሪያውኑ ሊበላኝ ነበር" ነው የሚለው።

5. መጥፎ ዜና ከእኔ አፍ ይሰማ። መኪና ከተበላሸ፣ ገዢው ካመነታ፣ ሌላ ሰው ሳይነግረው እኔ እደውላለሁ። ስልክ ማጥፋት ደንበኛ ማጥፋት ነው።

6. ሥራው ሲያልቅ ክፍያ መግባቱን አረጋግጬ እንደገና እደውላለሁ። "ምን ጎደለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላ ደንበኛ እንዲጠቁሙኝ የምጠይቀውም ያኔ ነው፤ ደስ ባላቸው ሰዓት።

ያ ዩኒየን የት ደረሰ አትሉኝም? ባለፈው ዓመት አንድ መኪና ሙከራ ሰጡኝ። በቆሎውን ስለካው እርጥበቱ 15 በመቶ መጣ። ገዢው የሚቀበለው እስከ 13.5 ነው። መኪናው ተከራይቷል፣ ጫኞቹ ቆመዋል፣ የኔም ኮሚሽን እዚያው ላይ ነው። ደውዬ "ጋሼ፣ አትጫኑ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ" አልኳቸው። መኪናውን መለስን፤ ለቀረበት የተከፈለውን ግማሹን እኔ ቻልኩ። በዚያ ሳምንት ያገኘሁት ነገር የለም። በቆሎው ደርቆ ሲሄድ ግን አንድ ኩንታል ሳይቆረጥበት ተራገፈ። የቀሩትን መኪኖች ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደውለው ሰጡኝ። ስለ ኮሚሽን አንድም ቃል አላነሱም፤ በ30 ብር ሠራሁ።

ላኪዎችና ነጋዴዎች፣ እናንተም ደላላ ወይም መኪና ስትይዙ "ስንት?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ትሠራልኛለህ? ጻፍልኝ" በሉ። መጻፍ የሚፈራውን ያኔ ትለዩታላችሁ።

እናንተስ በዋጋ ሳይሆን በሥራ ያገኛችሁት ደንበኛ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሌላውም ይማርበት።

መልካም ገበያ!