ሰባቱን አንድ ያደረገችው ሰዓታችን

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከትልቅ ፋብሪካ ወይም ከሩቅ አገር ላቦራቶሪ የመጣ አይደለም። በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠች፣ መጠኗ ከአንድ መዝገበ ቃላት ከማይበልጥ ሰዓት የተገኘ ነው። ስሕተቱም የማንም አይደለም፤ በገዛ እጃችን የበየድነው፣ በገዛ አፋችንም ንጹሕ ወንድማችንን የወነጀልንበት ነው። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለመናዘዝም ጭምር መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

በመቀሌ፣ በእንዳየሱስ ግቢ አራት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን። ከዕለታት አንድ ቀን ገንዘብ አዋጥተን፣ ሳትገጣጠም በዕቃ በዕቃው የምትሸጥ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛን። አራት ቀይ የቁጥር መስኮቶች፣ ሰዓቱን የሚቆጥር አንድ ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ሁለት የመሙያ ቁልፎችና አንድ ሰሌዳ ነበሯት። መብራቷን ከስልክ ቻርጀር ታገኛለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሳያመልጠን እንጨርስ ብለን እየተሻማን በየድናት። በአገራችን አቆጣጠር ሞልተንም ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጥናት። እስከ ኅዳር ድረስ አንዳች ነውር አልታየባትም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ግን ከምሳ ስንመለስ፣ 7 ሰዓት ከ20 ሊሆን ሲገባው፣ ሰዓቷ 1፡20 ብላ ጠበቀችን። እንግዲህ አንባቢ እንደሚያውቀው በእኛ 7 ሰዓት የሆነው ቀን በፈረንጅ 1 ሰዓት ነው። ከአራታችን አንዱ ደግሞ የስልኩን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሞላ ነው። ሦስታችንም ሳንማከር ወደ እርሱ ዞርን። «ሰዓቷን ለምን ቀየርሃት?» አልነው። «አልነካኋትም» አለ። በማግሥቱም 1፡15 አለች፤ አሁንም «አልነካኋትም» አለ። በሦስተኛው ቀን ቁልፎቿን በፕላስተር አሸግን። በአራተኛው ቀን ፕላስተሩ እንደ ታሸገ ነበር፤ ሰዓቷ ግን 1፡18 ብላለች። እኛም ፕላስተሩን አንሥቶ መልሶ ለጠፈው አልን እንጂ ሰዓቷን አልጠረጠርንም። ወንድማችን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳውን ለብቻው መብላት ጀመረ።

ፍርዳችን ያስከተለው ጉዳት

ሰዓቷ ስትበላሽ ያደረሰችብን ጉዳት የለም። ጉዳቱን ያደረሰው የእኛ ፍርድ ነው። ይኸውም እንዲህ ነው። ከእኛ አንዱ ጠዋት በ2 ሰዓት ፈተና ነበረበት። የመቀሌ የታኅሣሥ ብርድ የታወቀ ስለ ሆነ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደነው ነበር። ከእንቅልፉ ሲነቃ ሰዓቷ 1፡10 ትላለች። እውነቷን ነበር፤ ነግቶ 1 ሰዓት ከ10 ሆኖአል። እርሱ ግን «ያ ሰው ደግሞ ወደ ፈረንጅ ቀይሯታል፤ እንግዲያስ ሌሊቱ ገና 7 ሰዓት ከ10 ነው» ብሎ አሰበና ተመልሶ ተኛ። ፈተናው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ እየሮጠ ደረሰ። እንዲህ ሆኖ የሐሰት ምክንያት እውነተኛውን ሰዓት እንኳ ሐሰት አድርጎ አሳየው። በዚያን ዕለት ማታ ነው ሰዓቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተማሪ የመረመርናት።

ቁጥሩ እንዴት ይጻፋል?

እያንዳንዱ የቁጥር መስኮት ሰባት ትናንሽ የብርሃን መስመሮች አሉት፤ ሦስቱ ጋድም፣ አራቱ ቁም ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ነው። የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ በ1962 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ካሳየ ወዲህ ይህ ዕቃ በየሰዓቱና በየሚዛኑ ገብቶአል። 8ን ለመጻፍ ሰባቱም መስመሮች ይበራሉ። 7ን ለመጻፍ ሦስት ብቻ ይበራሉ፤ እነርሱም ከላይ ያለው ጋድም መስመርና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ቁም መስመሮች ናቸው። 1ን ለመጻፍ ሁለቱ የቀኝ መስመሮች ብቻ ይበቃሉ። እንግዲህ የላይኛውን መስመር «ቆብ» ብንለው፣ ቆቡን ያጣ 7 ምንም ሳይጎድለው 1 ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ከሰዓት ያልፋል። መካከለኛውን ጋድም መስመር ያጣ 8፣ 0 ይሆናል። በስተግራ ከታች ያለውን ያጣ 8፣ 9 ይሆናል፤ 6 ደግሞ 5 ይሆናል። በስተግራ ከላይ ያለውን ያጣ 9 ተመልሶ 3 ይሆናል። ቁጥሩ ተሰብሮ ቢታይ ሰው ይጠራጠር ነበር። አደጋው የተሰበረው ቁጥር ሌላ ሙሉ ቁጥር መስሎ መቅረቡ ነው። በገበያ ሚዛን ላይ ይህ ቢደርስ በሻጭና በገዢ መካከል ምን ዓይነት ጠብ እንደሚነሣ አንባቢ ይገምት።

ቺፑ አራቱን መስኮቶች በአንድ ጊዜ አያበራም። አንዱን አብርቶ አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ይህንንም በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋግመው ዐይናችን አራቱም የበሩ ይመስለዋል። በዚህ አሠራር ምክንያት ብልሽቱ ያለበትን ቦታ የጎደለው መስመር ራሱ ይናገራል።

አንደኛ፤ አንድ መስኮት በሙሉ ከጨለመ፣ የዚያ መስኮት የጋራ እግር አልተያያዘም።

ሁለተኛ፤ አንድ ዓይነት መስመር በአራቱም መስኮቶች ላይ ከጎደለ፣ ብልሽቱ ከቺፑ በሚነሣው መንገድ ወይም በሬዚስተሩ ላይ ነው።

ሦስተኛ፤ በአንድ መስኮት ላይ አንድ መስመር ብቻ ከጎደለ፣ ወይ የዚያ መስኮት አንድ እግር በደንብ አልተበየደም፣ ወይ ዳዮዱ ራሱ ሞቶአል።

የእኛዋ ከሦስተኛው ወገን ነበረች። ማስረጃው ደግሞ ሁልጊዜ ከፊታችን ነበር። በ1፡17 ላይ የደቂቃው 7 ቆቡን ደፍቶ ይታይ ነበር፤ የሰዓቱ 7 ግን ራቁቱን ነበር። አራት ዐይናማ ተማሪዎች ይህን በየቀኑ እያየን አላየነውም፤ ጥፋተኛውን አስቀድመን መርጠን ነበርና። ሌላም አለ። ሰዓቷ ወደ ፈረንጅ ተቀይራ ቢሆን ኖሮ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን 6 ማለት ነበረባት። እርስዋ ግን 12 ትል ነበር። ክሳችን እንዲቆም ከተፈለገ ወንድማችን በየቀኑ ቀትር ላይ ቀይሮ ከሰዓት በኋላ መልሶ ያስተካክላል ማለት ነው። እኛም ይህን እንኳ ብለን ነበር።

ለምን ቀትር ላይ ብቻ?

የቀረው ጥያቄ ይህ ነው። ሌሊት ተነሥተን ሰዓቱን በቁልፉ ወደ 7 ብንወስደው 7 ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ቀትር ያንኑ ጠረጴዛ ላይ ተወነው፤ 1 አለ። በሦስተኛው ቀን ከመስኮቱ አንሥተን ጥላ ያለበት መደርደሪያ ላይ አኖርነው፤ በ7 ሰዓት 7 አለ። ወደ ፀሐይዋ ብንመልሰው ጥቂት ቆይቶ ቆቡን ጣለ። በየጊዜው የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሁለት ነገር አብረን ብንለውጥ ኖሮ የትኛው እንዳደረገው አናውቅም ነበር።

ምክንያቱም ይህ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በመስኮታችን ገብታ ጠረጴዛውን ታሞቀዋለች። ሰሌዳው፣ የመዳብ እግሩና የብየዳው እርሳስ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም። ደኅና ብየዳ ይህን ይችለዋል። በደንብ ያልተያያዘ ብየዳ ግን ሲበርድ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይለያያል። 6 ሰዓት ላይ ለምን አልታየም ቢሉ፣ የእኛ ቺፕ 6ን የሚጽፈው ከመጀመሪያውም ያለ ቆብ ነው። በ8 ሰዓት ደግሞ እኛ ክፍል ውስጥ ትምህርት ላይ ነበርን። ስለዚህ ስሕተቱ የሚታይባት ሰዓት 7 ብቻ ሆነች።

አጠጋገኑ

መጀመሪያ ሰዓቷን ከመብራት ነቀልን። በካቻቢቴ ከፍተን ሰሌዳውን ገለበጥን። ቴስተሩን በዳዮድ መለኪያው ላይ አድርገን ጫፉን የመስኮቱ እግር ላይ ብቻ ብናስነካ ቆቡ ቦግ አለ። ጫፉን ከእግሩ አንሥተን በዙሪያው ባለው የሰሌዳው መዳብ ላይ ብናስነካ፣ በእንጨት ጫፍ እግሩን ነካ ስናደርገው አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። እንግዲህ ዳዮዱ ደኅና ነው፤ የታመመው መገጣጠሚያው ነው። በአጉሊ መነጽር ብናየው ብየዳው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ተቀምጦአል፤ በእግሩ ዙሪያም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ደኅና ብየዳ እግሩን ታቅፎ ወደ ታች እየሰፋ እንደ ድንኳን ይወርዳል እንጂ እንደ ዶቃ አይንከባለልም። አንዳንዱ ሰው በድብዛዜው ብቻ ይፈርዳል፤ ነገር ግን እርሳስ የሌለበት ብየዳ ደኅና ሆኖም ደብዘዝ ሊል ስለሚችል ቅርጹን ማየት ይበልጣል።

ጥፋታችን ምን ነበር? 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለበት የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። እኛ የመበየጃውን ብረት ከሽቦው ጋር ብቻ አገናኝተን ጠብታውን በቀዝቃዛው እግር ላይ ጣልነው። ጠብታው ቀለጠ፣ እግሩና መዳቡ ግን አልሞቁም፤ ስለዚህ ላያቸው ላይ ተቀመጠ እንጂ አልያዛቸውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ሆነ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የብረቱን ጫፍ በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጎ፣ እግሩንም መዳቡንም በአንድ ጊዜ ያስነኩት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያሙቁ። ሽቦውን ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከማዶ ባለው ጎን ያስጠጉ፤ ዕቃው ከሞቀ ራሱ ያቀልጠዋል። አስቀድመው ሽቦውን፣ ቀጥሎ ብረቱን ያንሡ። እስኪረጋ ድረስ አያንቀሳቅሱት፣ አይንፉበትም። ብረቱን ለረጅም ጊዜ ካቆዩት መዳቡ ከሰሌዳው ይላጣል፤ የመስኮቱም ፕላስቲክ ይቀልጣል። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ እርሳስ መርዝ ስለሆነ ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ።

አንዱን ካደስን በኋላ አልተውንም፤ የአራቱን መስኮቶች 40 እግሮች አንድ በአንድ አየናቸው። በአንድ ጥድፊያ የተሠራ ሥራ አንድ ስሕተት ብቻ አይኖረውምና ሌሎች ሁለት ዶቃዎች አገኘን። ከዚያም ሰዓቷን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልናት። በሦስቱም ቀን በ7 ሰዓት 7 አለች።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለዚህች ርካሽ ሰዓት ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ብለውናል። የዚህ ከተማ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዘመን ባንክ፣ ስልክና መብራት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጡ፣ አዲስ ዕቃም እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ፣ ያለውን መጠገን እዚህ ትርፍ ሙያ ሳይሆን ኑሮ ነበር። ደግሞም እኛ የተማርነው ሰዓት መጠገንን ብቻ አይደለም። ዕቃ ሲበላሽ ዕቃውን ከመመርመር ሰውን መክሰስ ይቀላል፤ ዕቃውን መመርመር ካቻቢቴና ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ለመክሰስ ግን አፍ ይበቃል። እኛም ሳይንስ እንማራለን እያልን በቀላሉ መንገድ ሄድን።

ቅዳሜ ዕለት ቡና አፍልተን፣ ሰሌዳውን በመካከላችን አድርገን፣ የተሰነጠቀውን ብየዳ የነበረበትን ቦታ ለወንድማችን አሳየነውና ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም በአጉሊ መነጽሩ ብዙ ጊዜ ተመለከተና «ይህን እግር የበየደው ማን ነበር?» አለ። እርስ በርሳችን ተያየን። እስከ ዛሬ ድረስ አልታወቀም፤ በዚህ ጊዜ ግን ማንንም አልከሰስንም።