ሰልባትዮ ከፍ ሲል ምን ይለወጣል? ከምን አለሽ ተራ የሚቀዳ የፊዚክስ ትምህርት



እንደሚታወቀው መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለው ሠፈር አሮጌው ብረት አዲስ ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፤ ሌላው ቀርቶ ቁራጭ ላሜራ እንኳ ገዢ አያጣም። ለእኛ ለእጩ መምህራን ግን ይህ ሠፈር ሌላም ጥቅም አለው። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ ፊዚክስን በምን እናሳያለን ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ተከምሮ ይገኛል።

ለዛሬ አንዲት ምሳሌ እንውሰድ። አንዳንድ ባለሞተሮች የሞተር ብስክሌታቸውን ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ ከሻንሲው ላይ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይወዳሉ። በውጭ አገር ለዚሁ የሚሆን ደጋፊ ብረት ከነብሎኑ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ በተለይ ለሃርሊ ዴቪድሰን ስፖርትስተር የሚሠራው የታወቀ ነው። እኛ ጋ ግን ጠፍጣፋ ብረት ገዝቶ፣ ልኩን አሳይቶ ማስቆረጥና ማስበሳት ይቻላል። በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ በ2011 ዓ.ም. ቢገደብም፣ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ሞተር የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ስለዚህ የምናስተምራቸው ልጆች ነገሩን ከቤታቸው ያውቁታል።

አሁን ጥያቄው፦ ሰልባትዮው ከፍ ሲል ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል ወይ? ብዙ ሰው "ቤንዚኑ በኃይል ስለሚወርድ አዎ" ይላል። እስቲ እናስላው።

የፈሳሽ ግፊት የሚወሰነው በፈሳሹ ብዛት ሳይሆን በከፍታው ነው። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ወደ 0.75 ኪሎ ገደማ ነው። የቤንዚኑ ወለል ከካርቡራተሩ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱ 750 × 10 × 0.20 = 1500 ፓስካል ይሆናል። 5 ሳንቲ ሜትር ብንጨምር 1875 ፓስካል ይደርሳል። በሩብ ጨመረ ማለት ነው። ይሁንና ካርቡራተሩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ከልኩ ሲደርስ ተንሳፋፊው ይነሳና በመርፌዋ መግቢያውን ይዘጋዋል። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያች ትንሽ ጽዋ እንጂ በቀጥታ ከሰልባትዮው አይደለም። በመሆኑም ጉልበት አይጨምርም። መርፌዋ ያረጀች ከሆነች ደግሞ የጨመረው ግፊት ቤንዚኑን አትርፎ ያፈሰዋል። ቤንዚን በፓምፕ የሚገፋላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይማ ከፍታው ጭራሽ ቁም ነገር የለውም።

ታዲያ የሚለወጠው ምንድነው? ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ዝንባሌው። ከፊት ብቻ ከፍ ከተደረገ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። መውጫ ቧንቧው ከኋላ ከሆነ ደህና፤ ከፊት ከሆነ ግን የመጨረሻው ቤንዚን ሳይወጣ ይቀራል። ባለሞተሩም ቤንዚን እያለው መንገድ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ በደጋፊው ብረት ላይ የሚያርፈው ሞመንት። ሰልባትዮው ከነቤንዚኑ 12 ኪሎ ነው እንበል። ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ በየሴኮንዱ 5 ሜትር በሴኮንድ ቢቀንስ፣ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል 12 × 5 = 60 ኒውተን ነው። የደጋፊው ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በግርጌው ላይ 3 ኒውተን ሜትር ያርፋል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 6። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው እጥፍ ሆነ። ይህ በየፍሬኑ ይደጋገማል፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥም አለ። አንድ ሽቦ አንዴ ቢታጠፍ አይበጠስም፣ እዚያው ላይ ሲመላለስ ግን ይበጠሳል። ደጋፊው ብረትም እንደዚያው ነው። ሚዛኑ ግን የሚፈራውን ያህል አይናጋም። ሞተሩ ከነነጂው 200 ኪሎ ቢሆን፣ 12 ኪሎ በ5 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ የስበት ማዕከሉ ከፍ የሚለው በ0.3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ቱቦው። ሰልባትዮው ሲነሳ የድሮው ቱቦ ይወጠራል። በዚያ ፈንታ ተራ የውኃ ላስቲክ ማስገባት አይገባም፤ ቤንዚን ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ከዚያም ጠብታው የጋለ ማርሚታ ላይ ይወድቃል። የቤንዚን ቱቦ ራሱ ነው መገዛት ያለበት።

ደጋፊውን የሚያሠራ ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይበጀዋል፦

1. በመጀመሪያ በካርቶን ቅርጹን ይቁረጥ፤ መሪው ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር ሰልባትዮውን እንዳይነካ ይፈትን።
2. ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይምረጥ። ዝገት የበላውን፣ ስንጥቅ ያለበትን ይተው።
3. ሁለቱን ደጋፊዎች አንድ ላይ ሞርሳ አስይዞ ባንድ ጊዜ ያስበሳ፤ ቀዳዳዎቹ ይገጣጠማሉ። ጠርዙን በሞረድ ያለስልስ።
4. ከብረትና ከብረት መካከል ጎማ፣ ከዳዶው ሥር ስፕሪንግ ሮንዴላ ያግባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብሎኑን እንደገና ይፈትሽ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ደጋፊውን ሰልባትዮው ላይ መበየድ ፈጽሞ አይገባም! "ባዶ ነው እኮ" የሚለው አነጋገር ሰው ያስጨርሳል። ሙሉ ከሆነው ይልቅ ባዶው ይበልጥ ያስፈራል። ምክንያቱም የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይቆያል፤ ከአየር ጋር ተደባልቆም የብየዳ ብልጭታ ሲያገኘው ይፈነዳል። የቤንዚን በርሜልም ያው ነው። ይሄን ለተማሪዎቻችን መንገር ከፈተና ነጥብ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ምክንያቱን ሳይነግሩ "አትንኩ" ብቻ ማለት ግን አይሰማም፤ ልጁ ወንድሙን ወይም አባቱን ማስረዳት መቻል አለበት።

ለክፍል ውስጥ ማስተማሪያ ቤንዚን አያስፈልግም፣ አይፈቀድምም። አንድ ትልቅ ጣሳ ጎኑን በሦስት ከፍታ በሚስማር ይበሳና ውኃ ይሞላ። ከታችኛው ቀዳዳ ውኃው በበለጠ ፍጥነት ሲወጣ ግፊት በዓይን ይታያል። ለሞመንት አንድ ማስመሪያና ድንጋይ፣ ለብረት ድካም አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል።

መልመጃ፦
ሀ. የቤንዚኑ ወለል ከካርቡራተሩ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግፊቱ ስንት ፓስካል ይሆናል?
ለ. ሰልባትዮው 16 ኪሎ፣ ደጋፊው 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያው ፍሬን በግርጌው ስንት ኒውተን ሜትር ያርፋል?
ሐ. ሰልባትዮው ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል ለሚል ተማሪ፣ ሳያሳፍሩት እንዴት ያስረዱታል?

መልሱን የሠራችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ምን አለሽ ተራ "ምን አለሽ?" ብሎ እንደሚጠይቅ፣ እኛም በምንመደብበት ቦታ "እዚህ ምን አለ?" ብለን እንጀምር።